የሚጡ ማተብ

እስከ አሥራ ስድስት ዓመቴ ድረስ አንዲት እስላም እህት ነበረችኝ። መዲና ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔው ነኝ። ሹሩባዋን ትከሻዋ ላይ የለቀቀች፣ ፍንጭት፣ ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ የምትከልል ልጅ ናት። ከላላ ገበያ ሁለቴ አይቻታለሁ፤ አንዴ ቅቤ ከምትሸጥ ሴት አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ አንዴ ደግሞ አንድ ሽማግሌ በቅሎ ላይ አፈናጥጧት። ሁለቱንም ጊዜ ሳታየኝ አለፈች። እኔም አልጠራኋትም። እናቴ «ይኼን ነገር ለሰው እንዳታወሪ» ብላኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከአንድ ጊዜ በቀር በምስጢር ጠባቂነቴ የማልታማ ልጅ ነበርኩ። ጉዱ ምስጢሩ ምን እንደሆነ አለማወቄ ነው።

ጊዜው ስድሳ አምስት ነው፤ ዝናብ እንቢ ብሎ፣ ከብቱ አልቆ፣ ሰው ተራውን የሚጠብቅበት ዓመት። እኔ አበቡ ሰባት ዓመቴ ነበር። መንደራችን ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በኩል፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ናት። አባቴ ካሳ እህል ፍለጋ ወደ ደሴ መንገድ ከወጣ ሰንብቷል። ቤት የቀረነው እናቴ ንግሥቴ፣ እኔና በዐቢይ ጾም መጨረሻ የተወለደችው እህቴ ነን። ክርስትና ስላልተነሳች ገና ስም የላትም፤ ሚጡ እንላታለን። ቀንም ሌትም ታለቅሳለች። እኔ ክፉ ጠባይ ያላት ልጅ ናት ብዬ ነበር የማስበው። የእናቴ ጡት መንጠፉን ማን ነግሮኝ።

አንድ ቀን ጠዋት እናቴ ቀሚሴን በእንዶድ አጥባ ገና ሳይደርቅ አለበሰችኝ። ከቅሉ ግርጌ የቀረችውን ቅቤ በጣቷ ጠርጋ አናቴ ላይ አደረገችልኝ። ቅቤ በዓይኔ ካየሁ ከርሞ ስለነበር ሽታው ራሱ አጠገበኝ።

«የት ልንሄድ ነው እምዬ?»

«ልንሳለም። ሦስት ደጅ ተሳልመን እንመጣለን።»

«ንግሥ ነው?»

ሚጡን ጀርባዋ ላይ አዝላ አንቀልባዋን አጠበቀች። «አዎ» አለችኝ፤ «ንግሥ ነው።»

ደስታዬን አትጠይቁኝ። ንግሥ ማለት ለኔ ጠላ፣ ዳቦ፣ ጃንጥላና እልልታ ነው። ቀሚሴ የታጠበው ለዚያ መሰለኝ። እናቴ ያጠበችው ሰው ደጅ ቆመን እጃችንን ስንዘረጋ ለማኝ እንዳንመስል ነበር። ለማኝ ነበርን፤ ግን እሷ በሕይወቷ ሙሉ ያን ቃል በራሷ ላይ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። ልንሳለም ነው የሄድነው።

መጀመሪያ የተሳለምነው ደጅ በር የለውም። የመንደሩ መውጫ ላይ ያለው ዋርካ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑም ከመስጊዱም በፊት የነበሩ ሰዎች ሲማጸኑበት ኖረው ለእኛ የተውልን አድባር ነው ይባላል። ቄሶቹም ሼሆቹም አይወዱትም፤ ሚስቶቻቸው ግን ዞር ብለው ቅቤ ይቀቡታል። እናቴ ፊቱ ቆመች። እጇን ወደ ጉያዋ ሰደደች፤ ምንም የለም። ከዚያ ዞራ አየችኝ፣ መዳፏን አናቴ ላይ አሳረፈችና ያንን ቅቤዬን ጠርጋ ወስዳ ግንዱ ላይ ለቀለቀችው።

«የኔ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በይ። አድባሯ፣ ትሰሚኛለሽ፤ ሌላ የለኝም። ይቺን ተይልኝ።»

«ይቺን» ስትል እጇ ወደ ጀርባዋ ሄዶ ሚጡን ሲዳስስ አይቻለሁ። በጣም ነው የተናደድኩት። ለእኔ የተቀባው ቅቤ ለእሷ ዛፍ ተቀባ። ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አኩርፌ ሄድኩ።

ሁለተኛው ደጅ ገደሉ ጥግ ያለው ሚካኤል ነው። ንግሥ የለም። አንድ ሰው የለም። ደጀ ሰላሙ ሥር ቄስ ወልደ ሚካኤል ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ድሮ ሲያስነጥሱ ቅጥሩ ጫፍ ድረስ የሚሰሙ፣ ወፍራም ሰው ነበሩ። አሁን ጥምጣማቸው ከፊታቸው በልጦ ሳየው ሳቄ መጣ፤ እናቴ ቆንጠጥ አደረገችኝ። መስቀል ተሳለምን።

«አባ፣ ክርስትና ያንሱልኝ» አለች እናቴ፣ ሚጡን አውርዳ ጉልበታቸው አጠገብ ይዛት። «ነፍሷ እየወጣች ነው።»

«ሰማንያዋ ሞላ?»

«አልሞላም። የሚሞላላት አይመስለኝም።»

ቄሱ ሚጡን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «ልጄ፣ ያለ ቅዳሴ ክርስትና የለም፤ ቅዳሴ ደግሞ ብቻዬን አልቀድስ። መገበሪያ የሚሆን ስንዴ ተምኑ ይምጣ? ማን ተቀብሎ ይቀድስልኛል?»

«ዲያቆናቱስ?»

«ውበቱ ወደ ደሴ ሄደ። ሁለቱ ደግሞ…» አሉና በአገጫቸው ወደ ቅጥሩ ምሥራቅ ጠቆሙ። እኔም ዞሬ አየሁ። አዲስ የተቆለለ ድንጋይ ብቻ ነው ያለው። ከድንጋዩ ማዶ ያለውን መንገድ ይዘው ሄደዋል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ መንገዱንም ሩቅ ድረስ በዓይኔ ተከተልኩት።

«ተድባበ ማርያም ብትደርሺ ካህን አይጠፋም» አሉ ቄሱ። «መንገድሽ ላይ የሼህ ይመር ሐድራ አለ፤ ሰደቃ አላቆሙም ይላሉ። እዚያ አረፍ ብለሽ እሷንም እህል አቅምሰሽ ሂጂ።» እሷን ያሉት እኔን ነው። ከቅል ጠበል በእጃቸው ጨልፈው የሚጡን ከንፈር አራሱላት። ለኔ እምነት ግንባሬ ላይ ቀቡኝ፤ መዳፌ ላይም ቁንጥር ጨመሩልኝ። ለበረከት ነው የሰጡኝ፤ እኔ ግን ላስኩት።

ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ የተማረ ካህን፣ ሕፃን ለሞት ከደረሰ ቀኑ ሳይሞላ፣ ያለ ማኅበርም ቢሆን ውሃ ባርኮ ማጥመቅ እንደሚቻል ነገሩኝ። ቄስ ወልደ ሚካኤል ይህን አላወቁም ይሆናል፤ አውቀውም ረሀቡ አስረስቷቸው ይሆናል። ያን ጊዜ ሥርዓት ማፍረስ ከሁሉ የከፋ ነገር ነበር፤ ረሀቡም ራሱ ሥርዓት በማፍረሳችን የመጣ ነው የሚል ሰው ብዙ ነበር። አልፈርድባቸውም። ክረምቱ ሳይወጣ እሳቸውም ዲያቆናቱን ተከተሉ። ግን እዋሻለሁ እንዴ? አንዳንድ ሌሊት እፈርድባቸዋለሁ።

ከሚካኤል ወጥተን በዚያ ፀሐይ ተጓዝን። መንገዱ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ፤ እናቴ ልብ ብዬ እንዳላያቸው በወገቧ እየከለለች ታሳልፈኝ ነበር። ሚጡ ልቅሷዋ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። አንድ ግራር ጋ ስንደርስ እናቴ አወረደቻትና ጡቷን አጎረሰቻት። እኔ የወደቀ የግራር ፍሬ ፍለጋ ዞር ዞር አልኩ። ስመለስ ሚጡ ጸጥ ብላለች።

«ዛሬስ ተገራች» አልኩ። ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ጸጥ ስትል አይቻት አላውቅም።

እናቴ አጎንብሳ ፊቷን የሚጡ ፊት ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች፣ ጥቁር ማተቧን ሳበችና በጥርሷ በጠሰችው። ሁለት ዙር አድርጋ ሚጡ አንገት ላይ አሰረችው። ሦስት አራት ጊዜ ፈታ አሰረችው።

«ለምንድን ነው?»

«እንዳትጠፋ» አለችኝ።

ገባኝ። እኛም ግልገሎቻችን ከሰው ግልገል እንዳይቀላቀሉ ክር እናስርላቸው ነበር፤ ግልገል በነበረን ጊዜ። ሚጡን መልሳ አዘለቻት፤ እሹሩሩ እያለች ቀጠለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም፤ ግን መሄዱን አላቆመችም።

ያቺ ግራር ዛሬ የለችም፤ መንገድ ሲሠራ ተቆረጠች። እዚያ ሥር ተቀምጣ እናቴ ያሰበችውን ሳስብ ልቤ ይደማል። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም፤ እንዲህ ነው የምናውቀው። ወደ ሚካኤል ብትመለስ ሚጡ ከአጥር ውጭ ነው የምትቀበረው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ከአጥር ውጭ የተቀበረን ጅብ አያሳድረውም። ተድባበ ሩቅ ነው፤ ብትደርስስ ለሞተች ልጅ ምን ሊደረግላት? ወደ ኋላም ወደ ፊትም የሚቀበላት መሬት አልነበረም። ልጇን አዝላ እሹሩሩ እያለች ሄደች፤ እኔም ከፊት ከፊት እየዘለልኩ «ሦስተኛው ደጅ ንግሥ አለ?» እያልኩ አደርቃት ነበር።

ሐድራው ንግሥ ነበረው። ከሩቅ የመንዙማው ድቤ ይሰማል። ወይራ በከበበው ግቢ ውስጥ ሰው እንደ ጠጠር ፈሷል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አጎዛ የለበሰውም። ትልቅ ጎላ ተጥዶ የማሽላና የባቄላ ንፍሮ ይታደላል። እናቴ ሰልፉን አልያዘችም። ሴቶች ወዳሉበት ዳስ ሄደች። አንዲት አጠር ያለች፣ እጆቿ ሰፋፊ የሆኑ ሴት ተቀበለችን። እመት ፋጤ ይሏታል፤ የሐድራው አገልጋይ ናት።

«ተየት መጣሽ እህቴ? ምነው ፊትሽ?» አለቻት። ከዚያ ጀርባዋ ላይ ያለውን አየች። እጇን በአንቀልባው ሥር አስገብታ ሚጡን ዳሰሰቻት፤ ፊቷ ተለወጠ። «ያ ረቢ! አብሽሪ የኔ እህት፣ አብሽሪ። ወዲህ በያት።»

«ክርስትና አልተነሳችም» አለች እናቴ። «ምንም የላት። ስም የላት፣ ምን የላት። እባክሽን አትመልሽኝ።»

«ሕፃን አይደለች? ሕፃን ምን የሚጎድለው አለ? አላህ እንደሰጠሽ ናት። ማን ነው የሚመልስሽ?»

እናቴ ያን ስትሰማ መሬት ላይ ተዘርግታ ወደቀች። ሴቶች ውሃ ይረጩባት ጀመር። እኔ ረሀብ ነው ብዬ አልደነገጥኩም፤ በዚያ ሰሞን ሰው ሲወድቅ ብዙ አይቻለሁ። ዓይኔ የነበረው ፋጤ ላይ ነው። ሚጡን ወደ ዳሱ ጥግ ወሰደቻት፤ ለብ ያለ ውሃ በቅል እያንቆረቆረች አካሏን አጠበቻት። ከዚያ ነጭ አዲስ ጨርቅ አወጡላት። አዲስ! እኔ ከተወለድኩ የለበስኩት አንድ አዲስ ነገር አልነበረም። ጨርቁን ጠቀለሉላት። ወንዶች መጥተው ከፊት ተደርድረው ቆሙ፤ አንድ ሽማግሌ ከፊታቸው ሆኖ ቃሉን ያወርዳል።

ይህ ምን እንደሆነ ለመረዳት ማንም አላስፈለገኝም። ውሃ፣ ነጭ ልብስ፣ ጸሎት፤ ክርስትና ነው። የእነሱን ክርስትና አነሷት ማለት ነው። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ እኛ ዘንድ ክርስትና ላይ እልል ይባላል፣ እነሱ ዘንድ ይለቀሳል ማለት ነው ብዬ አለፍኩት።

እናቴ ስትነቃ የሐድራው ጠባቂ ሰይድ አምባቸው መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። «አይዞሽ እህቴ» አላት። «ተዛሬ ጀምሮ የኛም ልጅ ናት። ተልጆቻችን ጎን ትሆናለች፤ ማንም አይነካብሽም።»

ዞሬ ልጆቻቸውን ፈለግኩ። ጎላው ሥር ሰባት ስምንት ልጆች እየተጋፉ ንፍሮ ይዝቃሉ። ቀናሁ። እኔ ቅቤዬን ተቀምቼ በእግሬ ስመጣ ሚጡ ተዝላ መጥታ እንዲህ ካለ ቤት ገባች። ወንዶቹ ነጩን ጥቅል ይዘው፣ ድምፃቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ከግቢው ወጡ። ልከተል ስል አንዲት ሴት አቀፈችኝና ንፍሮ በእጄ ሞላችልኝ።

«የእስላም ነው፣ አልበላም» አልኩ፤ ሆዴ እየጮኸ።

«ንፍሮ እኮ ነው ልጄ፤ ሥጋማ ቢሆን ለናንተ ለብቻ ይታረድ ነበር» አለችኝና በልቅሶዋ መሀል ፈገግ አለች። በላሁ። ወንዶቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ለምታጠባት ሴት ሰጥተዋት ይሆናል አልኩ በሆዴ።

ማታ እናቴን ጠየቅኋት። «ሚጡን ሰጠሻቸው?»

በጨለማ አየችኝ። «አዎ» አለች፤ «ሰጠኋቸው።»

«ለምን?»

«እነሱ ዘንድ ቦታ አላት።»

ሞትን አላውቅም ነበር እንዳልል አውቃለሁ። ግን እኔ የማውቀው ሞት ጩኸት አለው፤ ደረት ይደቃል፣ ሙሾ ይወርዳል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። እናቴ ግን አንዴም አልጮኸችም። በሰው ግቢ፣ ለራሱ ሐዘን ባልጠፋው ሕዝብ መካከል መጮኽ አሳፍሯት እንደሆነ የገባኝ እኔም ልጆች ወልጄ ነው።

ሐድራው እስከ መስከረም አኖረን። እናቴ እንጨት ትለቅማለች፣ ውሃ ትቀዳለች። በየማለዳው ብቻዋን ከግቢው በስተጀርባ ወጥታ ትመለሳለች። ሚጡን ልታይ እንደምትሄድ አውቃለሁ። «እኔም ልያት» ስላት «አሁን አይሆንም» ትለኛለች። እስላሞቹ ልጅቷ ቤተሰቧን እንዳትለምድ ከልክለዋል ብዬ ተውኩት።

በስድሳ ስድስት አባቴ ከሞት ተርፎ መጣ። ንጉሡ ሊወርዱ ነው፣ ዘመን ሊለወጥ ነው እየተባለ ነበር። እናቴ ጓሮ ወስዳ አነጋገረችው። ከጎተራው ጀርባ ሆኜ አየሁት፤ የማረሻውን እርፍ ይዞ እንደ ልጅ አለቀሰ። ልጁን ለባዕድ ሃይማኖት ስለሰጠችበት ነው ብዬ አዘንኩለት። ለሚጡ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ላልተጠመቀ ሕፃን ተዝካር የለምና። እኔ ደግሞ ለቅሶ ካልተቀመጡ አልሞተችም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ሒሳብ ነበረኝ።

የእናቴ አንገት ግን ባዶውን ቀረ። ሌላ ማተብ አላሰረችም። ሴቶች ውሃ ስንወርድ እያዩ ይጠቃቀሳሉ። «ንግሥቴ እዚያ ሐድራ ስትከርም ሰልማ ነው የመጣችው» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ትኖራለች፤ በሙቀትም ቢሆን አታወልቀውም። አባቴ አንድ ጊዜ «ኧረ አንዲት ክር እሰሪ፣ ሰው አፍ አታስገቢን» ሲላት «ቆይ፤ ትንሽ ቆይ» አለችው። ምን እንደምትጠብቅ አልተናገረችም።

በስድሳ ሰባት ዘማቾች መንደራችን ገቡ። ቢተው የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ዋርካው ሥር ፊደል ያስተምረን ነበር፤ ሳቂታ ልጅ ነው፣ ቅጫም ይፈራል። አንድ ቀን ስለ ቤተሰባችን ሲጠይቀን አፌ አመለጠኝ።

«አንዲት እህት አለችኝ። እስላም ናት።»

ቢተው ከመቀመጫው ብድግ አለ። እሑድ በገበሬው ስብሰባ ላይ ቆሞ «ሃይማኖት የለያየን ባላባቱ ነው! እነሆ በእናንተው መንደር ክርስቲያንና ሙስሊም እህትማማቾች አሉ! እናታችን ንግሥቴ ይነሱልን፣ ይጨብጨብላቸው!» ብሎ ጮኸ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተነሳች። ሕዝቡ አጨበጨበ። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። አንድም ሰው ልጁን «ተው፣ እንዲህ አይደለም» ያለው የለም። ሁሉም ያውቅ ነበር። ከኔና ከቢተው በቀር መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ለእናቴ አዝኖ ነው ያጨበጨበው። እኔ ግን በኩራት ልቤ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «ለሰው አታውሪ አላልኩሽም?» አለችና እጄን ያዘችኝ። እኔም ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ «አሁን ሚጡ ምን ታህላለች?» አልኳት።

እጇን ከመሬት ከፍ አድርጋ «ይቺን» አለች። «ቆማ ሄዳለች።»

ከዚያ ወዲያ ልማዳችን ሆነ። ሁለታችን ብቻ ስንሆን እጠይቃታለሁ፤ ትነግረኛለች። ጥርሷ ወለቀ፣ በቀለ። ውሃ መቅዳት ጀመረች። አንድ ጊዜ «ጸጉሯ ያንቺን አይመስልም፣ የኔን ነው» አለችኝና እየሳቀች እንባዋ መጣ። እየዋሸችኝ አልነበረም፤ እኔ በሞኝነቴ ከሞት የመለስኩላትን ልጅ እያሳደገች ነበር።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ለመውሊድ ወደ ሐድራው ከሚሄዱ የከላላ ነጋዴዎች ጋር ሾልኬ ሄድኩ። ለአባቴ አልነገርኩም። ለእናቴ ብቻ «ልሳለም ነው» አልኳት። ፊቴን አየችኝ፤ አልከለከለችኝም፤ ስንቅ ቋጠረችልኝ። ዶሮዬን ሸጬ ለመዲና ቀይ ሻሽ ገዛሁ።

እመት ፋጤ አርጅታ፣ አንድ ዓይኗ በሞራ ተሸፍኖ አገኘኋት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት አቀፈችኝ።

«የንግሥቴ ልጅ! ያቺ ንፍሮ አልበላም ያለችው? ሚጡን ልትዘይሪ መጣሽ?»

«አዎ። የት ናት?»

«ነይ» አለችኝና በምርኩዟ እየመራች ከግቢው በስተጀርባ አወጣችኝ። ቤት እፈልጋለሁ፤ ጭስ እፈልጋለሁ። የለም። ወይራው ሥር ትናንሽ ድንጋዮች በረድፍ በረድፍ ተተክለዋል። ብዙ ናቸው። ፋጤ አንዱ ጋ ቆመች።

«ይቺ ናት። እናትሽ ያኔ በየማለዳው እዚህ ነበረች።»

ሻሹን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ነው የመጣብኝ፤ ግራሩ፣ ውሃው፣ ነጩ ጨርቅ፣ የሴቶቹ ልቅሶ፣ የአባቴ እንባ፣ የመንደሩ ጭብጨባ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልጮኽኩትን ያን ጊዜ ጮኽኩ። ፋጤ ደንግጣ ያዘችኝ።

«አታውቂም ነበር? ያ ረቢ! አታውቂም ነበር?»

ከድንጋዩ አጠገብ ተቀምጣ እስኪወጣልኝ ጠበቀችኝ። ቆይታ፣ እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ፣ «አንድ ነገር አለ» አለች። «ለማንም አልተናገርኩትም። ሳጥባት አንገቷ ላይ ክር አገኘሁ። በኛ ወግ ወደ አፈር የሚሄድ ተከፈኑ በቀር አይዝም። ልፈታው ጀመርኩ። እናትሽ እዚያ ወድቃ ውሃ ይረጩባታል፤ አታየኝም። አንገቷን አየሁት፣ ባዶ ነው። የማን ክር እንደሆነ ገባኝ። እጄ እንቢ አለኝ። በከፈኑ ሸፍኜ ዝም አልኩ።»

«እናቴ ታውቃለች?»

«አልጠየቀችኝም። ልጇን በቀበርንላት ማግሥት ‘ክሬን ምን አደረጋችሁት’ ትበለን? ያን ያህል ይሉኝታ ያላት ሰው ናት። እኔም አልነገርኳት፤ ተሽማግሎቹ ጆሮ እንዳይደርስ ፈራሁ።»

ሻሹን ለፋጤ ሰጠኋት። እምቢ ስትለኝ በግድ አሰርኩላት።

ቤት የደረስኩት በማግሥቱ ከሰዓት ነው። እናቴ ደጅ ተቀምጣ ጥጥ ትፈለቅቃለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዓይኔ ማበጡን አየች፤ ማወቄን አወቀች። እኔም ከጥጡ አንስቼ አብሬያት መፈልቀቅ ጀመርኩ። ጥጡን እያፍታታች፣ ቀና ሳትል፣ ሰባት ዓመት ሙሉ እኔ የጠየቅኋትን እሷ ጠየቀችኝ።

«አየሻት?»

«አየኋት።»

«አድጋለች?»

«አድጋለች እምዬ። አንቺን ነው የምትመስል።»

እጇ ቆመ። ነጠላዋ ውስጥ እጇን ሰድዳ ባዶ አንገቷን ያዘች።

«አንገቷ ላይ…» አለች። «ክሩ አለ?»

«አለ» አልኳት። «ፋጤ ናት የነገረችኝ። አልፈታችባትም። እስካሁን አንገቷ ላይ ነው።»

ያን ጊዜ ጮኸች። በግራሩ ሥር ያልጮኸችውን፣ በሐድራው ያልጮኸችውን፣ በዋርካው ሥር ሲያጨበጭቡላት ያልጮኸችውን ሁሉ ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ። የሞተውን ማንም አልጠየቀም፤ ሴቶቹ ገብተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አብረዋት ተቀመጡ። ለሚጡ ለቅሶ የተቀመጥነው ያን ዕለት ነው።

በነጋታው ጠዋት እናቴ ከዚያው ከጥጧ ፈትላ፣ አጥቁራ፣ የገመደችውን ክር ይዛ መጣች። ነጠላዋን ከአንገቷ አወረደችና ፊቴ ተቀምጣ ጎንበስ አለችልኝ። ሁለት ዙር አድርጌ አሰርኩላት።